ንባቡን እንጂ ስያሜውን አላመንኩም፦ ለባሕር ጥገኛ ክሩስታሲያን የሚሰጥ የዲኤንኤ መለያ አገልግሎት ግምገማ

ከባሕር እንስሳት ገላ ላይ የሚለቀሙ ጥገኛ ክሩስታሲያንን፣ ማለትም የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ሆነው በሌላ እንስሳ ደምና ሥጋ የሚኖሩትን ፍጥረታት፣ በዲኤንኤ መርምሮ ስማቸውን እንደሚያሳውቅ የሚያስተዋውቅ አንድ የንግድ ቤተ ሙከራ አለ። ለዚህ ቤተ ሙከራ 24 ናሙናዎችን ልኬ ስለነበር፣ ከአላላኩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ያየሁትን እዚህ አሰፍራለሁ። የማነሣቸው ጉድለቶች በእኔ ሥራ ላይ የደረሱ ስለሆኑ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ግን የትም ቢሄድ ሊያጋጥመው የሚችለውን ነገር ከዚህ ይረዳል ብዬ አስባለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቤተ ሙከራው በአንድ ዋጋ ሁለት ነገር ይሸጣል። አንደኛው የዘረመሉን ፊደላት ማንበብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለተነበበው ፍጥረት የዝርያ ስም መስጠት ነው። የመጀመሪያውን በሚገባ ይሠራዋል። ሁለተኛውን ግን ከፍንጭ አሳልፎ እንደ ውጤት የሚቀበል ሰው ገንዘቡንም ጽሑፉንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ናሙናዎቹን ስመርጥ አገልግሎቱን ለመፈተን ጭምር አስቤ ስለነበር በመልክም በዝምድናም የተራራቁ አደረግኋቸው። ከሳልመን ዓሣ ቆዳ ላይ የተለቀሙ የባሕር ቅማሎች፣ ከኮድ ዓሣ ስንጥብ የወጡ ሌርኔኦሴራ የሚባሉ ደም መጣጮች፣ ከሌላ ዓሣ የስንጥብ ክፍተት ውስጥ የተገኙ አይሶፖድ የሚባሉ ክሩስታሲያን፣ ገና እጭ የሆነና ሆዱ በደም የተነፋ አንድ ናቲይድ የተባለ አይሶፖድ፣ ሞቶ ባሕሩ ወደ ዳር ካወጣው ራይት ዌል ከሚባል ዓሣ ነባሪ ቆዳ ላይ የተነሡ ቅማሎች፣ እንዲሁም ከሸርጣን ሆድ ሥር የተቆረጠ አንድ ሳኩሊና የተባለች ጥገኛ ከረጢት ነበሩበት።

ለእነዚህ ፍጥረታት ዲኤንኤ መጠየቅ ቅንጦት እንዳልሆነ የሚያስረዳው የራሳቸው የስያሜ ታሪክ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው የእንስሳት ምደባ ሌርኔያ የተባሉትን ጥገኞች ያስቀመጠው ከትሎች ጋር ነበር፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ከኮድ ዓሣ ስንጥብ ላይ የተነቀለች አንዲት የሌርኔኦሴራ ብራንኪያሊስ እንስት በእጁ የያዘ ሰው የሚያየው ደም ጠጥቶ የጠቆረ፣ እንደ ተጠማዘዘ አንጀት የታጠፈ፣ መገጣጠሚያም እግርም የሌለው የሚመስል ነገር ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ሁለት የተጠቀለሉ የእንቁላል ክሮች ተንጠልጥለዋል። ሳኩሊና ደግሞ ከዚህም ትብሳለች፤ አፍም ሆነ አንጀት፣ እግርም ሆነ ክፍልፋይ የሌላት ከረጢት ናት፤ ሥሮቿም በሸርጣኑ ሰውነት ውስጥ ተሠራጭተው ይመግቧታል። ጆን ቮን ቶምፕሰን በ1836 በዐለትና በመርከብ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባርናክል ዘመድ መሆኗን ያወቀው ከአዋቂዋ ሳይሆን ከእጯ ነው፤ እጯ እንደ ማንኛውም የባርናክል እጭ በግንባሩ ግራና ቀኝ ቀንዶች አሉት። በሬፕታይሎች ሳንባ፣ አንዳንዶቹም በባሕር ወፎች የአየር ከረጢት ውስጥ የሚኖሩት ፔንታስቶሚዶች ለረጅም ዘመን የብቻቸው ክፍለ ስፍን ተደርገው ሲቆጠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በመጀመሪያ በ1972 የወንዴ ሕዋሳቸው አሠራር፣ ቀጥሎም በ1989 የራይቦዞም ጂናቸው ንባብ የዓሣ ቅማል ከሚባሉት ክሩስታሲያን ጋር አዛምዷቸዋል። ጥገኛ ኑሮ የአካልን ምልክት እየፋቀ በሚሄድበት ወገን ውስጥ ጂን ምስክር ሆኖ መጠራቱ ስለዚህ ተገቢ ነው። ጥያቄው ምስክሩ የተናገረውን ማን በትክክል ይተረጉመዋል የሚለው ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የናሙና አላላክ መመሪያቸው ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ናሙናው ከ95 በመቶ ባላነሰ ኢታኖል ውስጥ እንዲቀመጥ፣ አልኮሉ ከአንድ ቀን በኋላ እንዲቀየር፣ ፎርማሊን የነካው ነገር እንዳይላክ፣ መለያውም በእርሳስ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከቱቦው ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የመጨረሻው ትእዛዝ ቀላል ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው፤ በቱቦው ውጭ በብዕር የተጻፈ ቁጥር አንድ ጠብታ አልኮል ሲነካው ይጠፋልና። ፎርማሊንን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንደኛው አይሶፖድ የመጣው ከአሮጌ ማሰሮ ነበርና ታሪኩን ሳላጣራ ላክሁት። ምንም ንባብ አልተገኘበትም፤ ቤተ ሙከራውም ምክንያቱን ገምቶ በትሕትና ጻፈልኝ።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ደጋግሜ የማመሰግነው ዲኤንኤውን የሚያወጡበትን መንገድ ነው። እንስሳውን ከመፍጨት ይልቅ ሙሉውን ፕሮቲን በሚያሟሟ ኢንዛይም ውስጥ ነክረው በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳድሩታል፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ቅርፊቱ ሳይነካ ይተርፋል። ፈሳሹን ለንባብ ወስደው ቅርፊቱን በአልኮል መልሰው ይልካሉ። የተመለሰልኝን የመጀመሪያውን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሳየው ከጠበቅሁት በላይ አስደነቀኝ፤ ሥጋው ስለወጣ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ የእግሮቹ ፀጉሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። በዚህ ወገን ውስጥ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ብዙ ጊዜ የእነዚህ ፀጉሮችና እሾሆች ቁጥርና አቀማመጥ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ መመለሱ እንደ ስጦታ የሚቆጠር አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው።

እንዲያውም ትልቁን ስሕተት የያዝኩት በዚሁ ቅርፊት ነው። ቁጥር 7 ተብሎ የተመለሰው ሪፖርት እንስሳው ሌፒዮፍቴይሩስ ሳልሞኒስ፣ ማለትም የሳልመን ቅማል ነው ይላል። በዚያው ቁጥር የመጣውን ቅርፊት ገልብጬ የግንባሩን ጠርዝ ስመለከት ግን ሉኑል የሚባሉት ሁለት ክብ የመምጠጫ ጽዋዎች ግራና ቀኝ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሉኑል ካሊጉስ የተባለው የሌላ የባሕር ቅማል ወገን ምልክት ነው፤ ሌፒዮፍቴይሩስ የለውም። ቁጥር 8ን ሳወጣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት፤ ሪፖርቱ ካሊጉስ ይላል፣ ቅርፊቱ ግን ጽዋ የለውም። ያልጎለመሰ የሳልመን ቅማልና የጎለመሰ ካሊጉስ በመጠን ስለሚቀራረቡ በባዶ ዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቱቦዎች በሆነ ቦታ ተለዋውጠዋል። ቤተ ሙከራው መጀመሪያ ስሕተቱ ከእኔ እንደሆነ ጠረጠረ፤ የሁለቱን ቅርፊቶች ፎቶግራፍ ከውስጥ ካለው የእርሳስ መለያ ጋር ስልክላቸው ግን የፈሳሹ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጉድጓዶች መቀያየራቸውን አምነው ሪፖርቱን አረሙ። እንስሳው ተፈጭቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት ለዘለዓለም ተሰውሮ፣ ሁለት የተሳሳቱ ንባቦችም በእኔ ስም ወደ ሕዝብ የመረጃ ቋት ይገቡ ነበር።

የንባቡን ጥራት በተመለከተ ብዙ የምነቅፈው የለም። የሚያነቡት ሲኦዋን የተባለውን የማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ጂን ሲሆን፣ በእንስሳት መለያነት የተለመደው ክፍሉ 658 ፊደላት ያህል ነው። ይህን ክፍል ለማባዛት ከ1994 ጀምሮ ሁሉም የሚጠቀምባቸው ሁለት ፕራይመሮች፣ ማለትም የማባዛቱን ሥራ የሚያስጀምሩ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ የባሕር ቅማሎችና ሌርኔኦሴራ በሚመደቡባቸው ኮፔፖዶች ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚከሽፉ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ቤተ ሙከራውም ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ በሌላ ፕራይመር ደገመው። የላኩልኝም የተስተካከለውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ እንደ ወጣ የተቀመጠውን የክሮማቶግራም ፋይል ጭምር ነው። ይህን የማይሰጥ አገልግሎት ፈጽሞ አይግዙ፤ በአራት ቀለም የተሳሉት ጉብታዎች ንጹሕ መሆናቸውን፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጉብታ አለመደራረቡን ራስዎ ካላዩ ፊደሉ ተነበበ ወይስ ተገመተ የሚለውን ማወቅ አይችሉም።

ሁለቱ ሌርኔኦሴራዎች ላይ ያየሁት እንዲህ ያለውን መደራረብ ነበር። ጥገኛዋ የኮድ ዓሣውን ደም ጠጥታ ስለምትሞላ የእርሷና የዓሣው ዲኤንኤ በአንድነት ተነበበ፤ ጉብታ በጉብታ ላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ የቤተ ሙከራው አንዲት ባለሙያ የሰጡኝ ምክር ሙሉውን ክፍያ የሚክስ ነበር፤ «አካሉን ይተዉትና ከእንቁላሉ ክር ትንሽ ቆርጠው ይላኩልን፤ እንቁላሉ ውስጥ የዓሣ ደም አይገባም» ብለው ጻፉልኝ። ላክሁ፤ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ተነበቡ።

የናቲይዱ ነገር ግን በዚህ ዓይነት አልተያዘም። የናቲይድ እጭ ዓሣ ላይ ወጥቶ ደም ጠጥቶ ወርዶ ወደ ባሕሩ ወለል የሚሸሸግ አይሶፖድ ነው፤ አዋቂው ከነጭርሱ አይበላም። የላክሁት ሆዱ እስኪያበራ ድረስ የጠጣ ነበር። ሪፖርቱ ሲመጣ በዝርያው ስም ፊት ለፊት የአንድ ዓሣ ስም ተጽፎ፣ መመሳሰሉም 100 በመቶ ተብሎ፣ ከጎኑ «የተረጋገጠ» የሚል አረንጓዴ ምልክት ተደርጎበታል። ንባቡ ትክክል ነው፤ የተነበበው የጠጣው ደም ነው። እንዲያውም ይህ እጭ የትኛውን ዓሣ እንደነከሰ ስለሚናገር ለጥገኛና ተሸካሚ ግንኙነት ጥናት ጥሩ መረጃ ሆኖልኛል። ነገር ግን በማዘዣው ቅጽ ላይ «አይሶፖድ» ብዬ የጻፍኩበትን ናሙና ዓሣ ብሎ በአረንጓዴ የሚያጸድቅ አሠራር፣ ቅጹን ያነበበ ሰው አለመኖሩን ያሳያል።

አሁን በጣም ወዳደከመኝ ጉዳይ ልግባ። በመጀመሪያው ዙር ንባብ ከተገኘላቸው 21 ናሙናዎች 17ቱ ላይ «አጠራጣሪ፤ ሐሰተኛ ጂን ሊሆን ይችላል» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ መጣ። ሐሰተኛ ጂን የሚባለው በጥንት ዘመን ከማይቶኮንድሪያ ተገልብጦ ወደ ኒውክሊየስ የገባና ሥራ ያቆመ ቅጂ ነው፤ ሥራ ስለሌለው ያለ ጠባቂ እየተበላሸ ይሄዳል፣ በመካከሉም የጂኑ ትርጉም እዚህ ያበቃል የሚሉ የማቆሚያ ምልክቶች ይፈጠሩበታል። በክሩስታሲያን ዘንድ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅጂ እንደ እውነተኛ ጂን የቆጠረ ሰው የሌለ ዝርያ ይፈጥራል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በቁም ነገር ወስጄ ሁለት ቀን ሙሉ ፋይሎቹን ስፈትሽ ቆየሁ። የተበላሸ ጂን ጉዳቱ በዘፈቀደ የተበተነ ነው፤ እዚህ ግን የማቆሚያ ምልክቱ የሚታየው ሁልጊዜ ኤጂኤ ወይም ኤጂጂ የሚሉት ሦስት ፊደላት ባሉበት ብቻ ነበር፤ በዚያው ቦታ የሌሎች ዘመዶች ጂን ሴሪን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይጽፋል። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። በጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤጂኤ የማቆሚያ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል፤ ጀርባ አጥንት በሌላቸው በእነዚህ ክሩስታሲያን ግን ሴሪን ነው። ቤተ ሙከራው በብዛት የሚያነበው ዓሣ ስለሆነ ሦስት ሦስት ፊደላትን ወደ አሚኖ አሲድ የሚፈታውን የትርጉም ሰንጠረዥ ከዓሣው ላይ ሳይቀይር የእኔን ናሙናዎች በዓሣ ሕግ ፈርዶባቸዋል። በአምስተኛው ሰንጠረዥ፣ ማለትም ጀርባ አጥንት ለሌላቸው በተሠራው ደግሜ ስተረጉም አሥራ ሰባቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ አንዳች ማቆሚያ ተነበቡ። ያለ ማስጠንቀቂያ በሰላም ካለፉት አራቱ መካከል አንዱ ያ የናቲይዱ ዓሣ መሆኑን ሳይ ከመሳቅ በቀር ምን ይባላል።

ስሕተቱን ሳሳውቃቸው በማግስቱ አርመው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይህን ላስመዘግብላቸው ይገባል። ቢሆንም ሰንጠረዡን የማያውቅ ደንበኛ ደኅና ንባቦቹን ጥሎ ዓሣውን ይዞ ይቀር እንደነበር መርሳት አልችልም።

ስለ ስያሜው የምነቅፈው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ችግሩ በአንድ ቅንብር መሳት የመጣ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ቤተ ሙከራው ንባቡን ከሕዝብ የመረጃ ቋት ጋር አስተያይቶ መመሳሰሉ ከ97 በመቶ በላይ ከሆነ የዚያኑ ስም ይሰጣል፤ ከዚያ ካነሰ «አዲስ ወይም ያልተመዘገበ ዝርያ» ብሎ ይጽፋል። የሳልመን ቅማል ብቻውን ይህን ሕግ ያፈርሰዋል። የአትላንቲክና የፓሲፊክ ቅማሎች በማይቶኮንድሪያ ዘረመላቸው በአማካይ ወደ 7 በመቶ ይለያያሉ። በ97ቱ ሕግ ቢፈረድ ሁለት ዝርያዎች ናቸው ማለት ነው። ጉዳዩን በዝርዝር የመረመሩት ተመራማሪዎች ግን መልካቸውን፣ የኒውክሊየስ ጂናቸውንና ተዳቅለው መዋለድ መቻላቸውን ጭምር መዝነው በ2014 ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ብለው መደቧቸው፤ የአትላንቲኩ ሳልሞኒስ፣ የፓሲፊኩ ኦንኮሪንኪ ተብሏል። ሰባት በመቶው አልተካደም፤ ብቻውን ዳኛ እንዲሆን ግን አልተፈቀደለትም። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ ስለ መዳቀል ሊመሰክር እንደማይችል ማንም የዘረመል ተማሪ ያውቃል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ አንድ ስም ብዙዎችን ሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ከ80 በላይ በሆኑ የዓሣ ዝርያዎች ላይ የሚገኘው ካሊጉስ ኤሎንጋቱስ በዚሁ ጂን ሲመረመር ሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎችን እንደያዘ ከታወቀ ቆይቷል፤ የእኔ ናሙና ከየትኛው እንደሆነ ሪፖርቱ አልነገረኝም፣ ፋይሉን ይዤ ራሴ አስተያየሁት።

ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ የዓሣ ነባሪ ቅማሎቹ ጉዳይ ነው። እነዚህ አምፊፖድ ከሚባለው የክሩስታሲያን ወገን ናቸው፤ የሚዋኝ እጭ የላቸውም፤ ከእናት ዓሣ ነባሪ ወደ ግልገል፣ ወይም ገላ ለገላ ሲነካካ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገር በቀር የትም አይሄዱም። ስለዚህም የቅማሉ ዘረመል የተሸካሚውን ታሪክ እንደ ማኅደር ይዞ ይቆያል። በ2005 የታተመ ጥናት በራይት ዌሎች ላይ የሚኖሩትን ሦስቱን ሳያሙስ፣ ማለትም ኦቫሊስን፣ ግራሲሊስንና ኤራቲከስን መርምሮ፣ የሰሜን አትላንቲክ፣ የሰሜን ፓሲፊክና የደቡብ ውቅያኖስ ሕዝቦቻቸው ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደተለያዩ አሳይቷል፤ ይህም ሦስቱ የራይት ዌል ሕዝቦች ራሳቸው የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው የሚለውን አቋም አጠናክሯል። ከዚህም በላይ ባለፉት አንድ ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ የደቡብ ራይት ዌል የምድር ወገብን በፓሲፊክ በኩል እንደተሻገረ የታወቀው ከኦቫሊስ ዘረመል ነው። አንድ ዓሣ ነባሪ በቆዳው ላይ ቅማል ይዞ ተሻገረ፣ ከሰሜኖቹ ጋር ገላውን አነካካ፣ ቅማሉ ቀረ። ይህን ሁሉ ሊናገር የሚችለውን ንባብ የያዘው ቤተ ሙከራ ለእኔ የጻፈልኝ «ሳያሙስ ኦቫሊስ፣ የተረጋገጠ» የሚሉ ሦስት ቃላት ነው። ፊደላቱን ይዤ ለሕዝብ ከተለቀቁት የሦስቱ ውቅያኖሶች ንባቦች ጋር ሳሰልፈው ግን ከደቡቦቹ ጋር ቆመ፤ ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀብኝ።

ስለ አይሶፖዶቹ ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሁለቱ ናሙናዎች ላይ ሪፖርቱ «የቅርብ ተዛማጆቹ የሁለት የተለያዩ ወገኖች ስለሆኑ መወሰን አልተቻለም» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የተባሉት ሊቮኔካና ሊሮኔካ ናቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ኤልፎርድ ሊች በ1818 ለአይሶፖዶች ስም ሲያወጣ ካሮሊን ወይም ካሮሊና የሚለውን የሴት ስም የላቲን ፊደላት እያገላበጠ ኔሮሲላ፣ ሲሮላና፣ አኒሎክራ፣ ኦሌንሲራ እያለ ሰይሟል። ከእነዚህ አንዱ ሊሮኔካ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ኅትመት አንዲት ፊደል ተቀይራ ሊቮኔካ ሆኖ ወጣ። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች የፊደሉን ጨዋታ ተረድተው ወደ ሊሮኔካ ቢያቀኑትም፣ የእንስሳት ስያሜ ሕግ የመጀመሪያውን አጻጻፍ ስለሚጠብቅ ጸንቶ የቀረው ሊቮኔካ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሁለቱም አጻጻፎች አሉ። ቤተ ሙከራው የሁለት መቶ ዓመት የማተሚያ ግድፈትን እንደ ሁለት የዘር ሐረግ ቆጥሮ ፍርድ አጣ ማለት ነው። ስምን ለማጣራት ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በቤልጅየም ኦስተንድ ከተማ በፍላንደርስ የባሕር ተቋም የሚስተናገደው የዓለም የባሕር ዝርያዎች መዝገብ ለማንም በነፃ ክፍት ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም ቁጥር ሰጥቶ የትኛው ጸንቶ እንዳለ፣ የትኛው እንደቀረ ያሳያል። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ወደዚያ ጎራ ያለ ሰው ቢኖር ይህ ባልተጻፈ ነበር።

የሳኩሊናው ንባብ ንጹሕ፣ ስሙም ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከስሙ በላይ የተደረደረው ምደባ ኬንትሮጎኒዳ የሚለውን ክፍለ መደብ ይዟል፤ የሥረ ጥገኛ ባርናክሎችን በሁለት የሚከፍለው ያ አሮጌ አከፋፈል በዘረመል ዝምድና ላይ በተመሠረተ አዲስ ምደባ በ2020 ቀርቷል። የማዘዣው ቅጽም ቢሆን ለሳልመን ቅማል የዕድገት ደረጃ አራት ቻሊመስ (ዓሣው ላይ ተጣብቆ የሚያድግበት ደረጃ) አስቀምጦ ምረጡ ይላል፤ ከ2013 ወዲህ ሁለት ብቻ እንደሆኑ ይታወቃል። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ በዚያ ቤት ማሽኑን የሚያውቅ ሰው አለ፣ እንስሳውን የሚያውቅ ግን የለም።

ስለ ቀሪው አጭር ልሁን። ውጤቱ በተባለው ጊዜ ደርሷል። ለኢሜይል በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱም በሰው የተጻፈ ነው። ንባቦቹ የደንበኛው ንብረት መሆናቸውን በጽሑፍ ያረጋግጣሉ፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሕዝብ ቋት አያስገቡም። ከአምስት ኮከብ ለንባቡና ለቅርፊቱ አመላለስ አራት እሰጣለሁ፤ ለስያሜው ሁለት፣ እርሱም ለታረሙት ስሕተቶች ሲባል ነው።

አገልግሎቱ የሚመቸው እንስሳውን በመልኩ አስቀድሞ እስከ ወገን ድረስ ለለየና ንባቡን ራሱ መመርመር ለሚችል ሰው ነው። የዓሣ እርባታ ባለሙያ ሆኖ «ዓሣዬ ላይ ያለው ምንድን ነው» ብቻ ለሚል ሰው ግን በዚህ መልኩ አልመክረውም፤ ሉኑሉን የሚያይ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የሠለጠነ ዓይን በአሥር ደቂቃ የተሻለ መልስ ይሰጡታል። የሚያዝ ሰው ደግሞ ቅርፊቱ እንዲመለስለት፣ የትርጉም ሰንጠረዡ አምስተኛው እንዲሆን፣ ደም የጠጣ ናሙና ከሆነም ከእንቁላሉ ወይም ከእግሩ ብቻ እንዲወሰድ በማዘዣው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የዝርያ ጥያቄው ከባድ ከሆነም ከኒውክሊየስ ሌላ አንድ ጂን ይጨመርለት።

እኔ ራሴ ሌላ አሥር ቱቦ ልኬላቸዋለሁ። ቅጹ ላይ ንባብ ብቻ ለሚፈልግ ደንበኛ የተዘጋጀ ሳጥን ስለሌለ በማስታወሻው ቦታ ላይ «ስም አያስፈልገኝም፤ ፊደላቱንና ቅርፊቶቹን ብቻ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍሁ። ጥያቄዬን በደስታ እንደተቀበሉት በማግስቱ መልሰውልኛል፤ ዋጋው ግን ያው ነው።